አሚልካር ካብራል ከትግሉ በፊት፦ ስለ ልጅነቱና ስለ ወጣትነቱ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ካብራል ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን ፎቶው ነው። የሹራብ ኮፍያ፣ መነጽር፣ የጫካ ልብስ። ያ ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ግን ሰውየው ሌላ ረጅም ሕይወት ነበረው። በድርቅ አገር አድጓል፣ ግጥም ጽፏል፣ አፈር አጥንቷል፣ ገበሬ ቆጥሯል። እዚህ የሰበሰብኳቸው ጥያቄዎች ስለዚያ ዘመን ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛን ስጠቀም እናገራለሁ።

ስሙን ገና መስማቴ ነው። ማን ነው ካብራል?

ጊኒ ቢሳውና ኬፕ ቬርዴ ከፖርቱጋል ቅኝ አገዛዝ እንዲላቀቁ ትግሉን የመራ ሰው ነው። ፓርቲው የጊኒና የኬፕ ቬርዴ ነጻነት የአፍሪካ ፓርቲ ይባላል፤ በምህጻሩ ፒኤአይጂሲ። የትጥቅ ትግሉ በ1963 ጀመረ። ካብራል ጃንዋሪ 20 ቀን 1973 የጎረቤቷ የጊኒ ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በሆነችው ኮናክሪ ውስጥ በገዛ ድርጅቱ ሰዎች ተገደለ። ስምንት ወር ቆይቶ ጊኒ ቢሳው ነጻነቷን አወጀች። ለዚያች ቀን አልደረሰም።

ሙያውን የሚያውቁት ግን ጥቂት ናቸው። የግብርና ባለሙያ ነበር፤ ለይቶ ያጠናውም የአፈር መሸርሸርን ነው። ይህንን ያልያዘ ሰው የቀረውን ታሪኩን በትክክል የሚረዳው አይመስለኝም።

የትና መቼ ተወለደ?

ሴፕቴምበር 12 ቀን 1924 ባፋታ ውስጥ ተወለደ። ባፋታ በጌባ ወንዝ ዳር ያለች ከተማ ስትሆን ያኔ ፖርቱጋል ጊኒ ይባል በነበረው፣ ዛሬ ጊኒ ቢሳው በምንለው አገር ውስጥ ናት፤ ከዚህ በኋላ ጊኒ ስል እሱን ማለቴ ነው። በእኛ ስንቆጥረው መስከረም 2 ቀን 1917 ነው፤ የእንቁጣጣሽ ማግስት። ይቺን መስከረም 2 ያዙልኝ፤ መጨረሻ ላይ እመለስባታለሁ።

አሚልካር ምን ማለት ነው? ስሙ የአፍሪካ ስም ነው?

በጣም የአፍሪካ ስም ነው፤ ግን ከሌላኛው ጫፍ። ሃሚልካር ባርካ የሚባል የካርታጎ ጄኔራል ነበር። ዛሬ ቱኒዝያ ከምንለው አገር ተነስቶ ከሮም ጋር የተዋጋ፣ የታዋቂው የሃኒባል አባት። የካብራል አባት ታሪክ ማንበብ የሚወድ መምህር ነበርና ለልጁ ይህን ስም አወጣለት ይባላል። አባትየው ወደፊቱን አይቶ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ስም አወጣጥን ያን ያህል አላከብደውም። ስንት ቴዎድሮስ አለ ሚኒባስ የሚነዳ!

ቆይ፣ ጊኒያዊ ነው ወይስ ኬፕ ቬርዳዊ?

ሁለቱንም ነው። ጥያቄው ግን እንዲህ በአንድ ቃል የሚዘጋ አይደለም፤ የኋላ ኋላ ሕይወቱን ካስከፈሉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኬፕ ቬርዴ ከሴኔጋል ጠረፍ ማዶ አትላንቲክ ውስጥ ያሉ አሥር ደሴቶች ናቸው። ፖርቱጋሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲደርሱ ሰው አልነበረባቸውም። ከአፍሪካ ምድር ባሪያ እያመጡ አሰፈሩ። ጥቁሩና ነጩ ተደባለቀ፣ ክሪዮሉ የሚባል ቋንቋ ተወለደ። ቆይቶ ፖርቱጋል ኬፕ ቬርዳውያንን ከሌሎቹ ተገዢዎቿ ነጥላ ትንሽ ከፍ አደረገቻቸው። ጥቂት ትምህርት ሰጠቻቸውና በጊኒ ጸሐፊ፣ አስተማሪ፣ ግብር ሰብሳቢ አድርጋ ላከቻቸው። ስለዚህ የጊኒ ገበሬ ፖርቱጋልን የሚያውቃት ብዙ ጊዜ በኬፕ ቬርዳዊ ፊት በኩል ነው። ቂሙም እዚያው ቀረ።

የካብራል ወላጆች ኬፕ ቬርዳውያን ነበሩ፤ ለእንጀራ ጊኒ ሄደው ነው ልጁን የወለዱት። ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ወደ ደሴቶቹ ተመለሱ። እንግዲህ በውልደት ጊኒያዊ፣ በዘርና በአስተዳደግ ኬፕ ቬርዳዊ። ሁለቱን አገሮች በአንድ ፓርቲ ለማታገል የተነሳ ሰው ከዚህ የተሻለ የትውልድ ወረቀት ሊኖረው አይችልም። ጠላቶቹም ከዚህ የተሻለ መውጊያ አያገኙም።

አባቱ ምን ዓይነት ሰው ነበር?

ጁቬናል ካብራል ይባላል። በልጅነቱ ለቅስና ታጭቶ ሴሚናሪ ገብቶ ነበር፤ ቄስ ሳይሆን ቀረና ጊኒ ሄዶ አስተማሪ ሆነ። ጽሑፍ ይወዳል። የራሱን ትዝታዎች በመጽሐፍ አሳትሟል። የቅኝ ግዛት ተቃዋሚ አልነበረም፤ ራሱን የፖርቱጋል ዜጋ አድርጎ የሚያይ የዘመኑ የተማረ ሰው ነበር።

ግን አንድ ነገር አደረገ። ደሴቶቹ ውኃ እያጡ መሆኑንና ድርቅ ከመጣ ሰው እንደሚያልቅ ለባለሥልጣናት ጻፈ፣ አስጠነቀቀ። ሰሚ አላገኘም። እኔ ስለ ካብራል ሳስብ ይህ ደብዳቤ ሁሌ ይመጣብኛል። አባት በወረቀት ለመነ፣ መልስ አጣ። ልጁ ይህንን እያየ ነው ያደገው።

እናቱስ?

ኢቫ ፒኜል ኤቮራ። ስለ እሷ የሚጻፈው ሁልጊዜ ከአባትየው ያንሳል። በእኔ ግምት ግን ልጁን የሠራችው እሷ ናት።

ጊኒ ሳለች ትንሽ ሱቅ ነበራት፤ ኑሮዋም ደህና ነበር። ከጁቬናል ጋር ተለያዩ። ኬፕ ቬርዴ ሲመለሱ ሁሉም ነገር ተገለበጠ። አሚልካር ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ በደሴቶቹ በሙሉ ያለው ሊሴ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሳኦ ቪሴንቴ ደሴት ላይ ሚንዴሎ ከተማ ውስጥ። ኢቫ ልጆቿን ይዛ ወደዚያ ተሻገረች።

ሚንዴሎ የወደብ ከተማ ናት። የእንግሊዝ መርከቦች የድንጋይ ከሰል የሚሞሉባት፣ ጥሩ ዘመን የነበራት፣ በዚያን ጊዜ ግን ሥራ የጠፋባት። ኢቫ ልብስ ትሰፋለች። ስፌቱ አልበቃ ሲል የዓሣ ማሸጊያ ፋብሪካ ገባች። ክፍያው በሰዓት ነው፤ ሥራው ደግሞ በዓሣው ላይ የተመሠረተ። ዓሣ በብዛት የተያዘ ቀን ሙሉ ቀን ትሠራለች። ጀልባዎቹ ባዶ የተመለሱ ቀን አንድ ሰዓት ሠርታ ልትመለስ ትችላለች። አንድ ተማሪ እናቱ ዛሬ ስንት ሳንቲም ይዛ እንደምትገባ ለማወቅ ባሕሩን የሚያይበት ቤት ማለት ነው። ልጁም ሌሎች ተማሪዎችን እያስጠና ያግዛት ነበር።

ትምህርት ላይ ጎበዝ ነበር?

በጣም። ትምህርት የጀመረው ግን ዘግይቶ ነው። አንደኛ ደረጃን በደሴቶቹ ዋና ከተማ ፕራያ ውስጥ ቶሎ ቶሎ ጨረሰ፤ ሊሴውን በ1944 ሲያጠናቅቅ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ ውጤቱም ከከፍተኞቹ አንዱ። ኳስ ይጫወታል፣ የተማሪ ማኅበር ያደራጃል፣ ድራማ ይጽፋል። ሊሴው ውስጥ ካስተማሩት አንዱ ባልታዛር ሎፔስ ነበር፤ በ1936 ሚንዴሎ ላይ የተጀመረችውንና ስለ ደሴቶቹ ኑሮ መጻፍን ያስለመደችውን ክላሪዳዴ መጽሔት ከመሠረቱት ደራሲዎች ውስጥ ያለ ሰው።

ገጣሚ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። የብዕር ስሙ ላርባክ ነበር። በላቲን ፊደል ካብራልን ከኋላ ወደ ፊት አንብቡት፤ ላርባክ ይወጣል። ግጥሞቹ ስለ ፍቅር፣ ስለ ባሕር፣ ስለ ደሴት፣ ከሁሉም በላይ ስለ ዝናብ ናቸው። ትልቅ ገጣሚ ነበር ብዬ አልዋሽም። ዝናብን ግን እንደ እሱ የናፈቀ ጥቂት ነው።

ፖለቲከኛ ያደረገው ምንድን ነው? አንድ ክስተት አለ?

ረሃቡ ነው። ካብራል ራሱ ኋላ ላይ ደጋግሞ ተናግሮታል፦ በኬፕ ቬርዴ ሰው በረሃብ ሲሞት ማየቱ፣ በጊኒ ደግሞ ሰው ሲገረፍና ለግዳጅ ሥራ ሲነዳ ማየቱ ለአመጹ መነሻ ሆነ።

ኬፕ ቬርዴ ትርጉሙ “አረንጓዴው ርዕሰ ምድር” ነው። ስሙ የተወሰደው ትይዩ ካለው የሴኔጋል ጠረፍ ነው እንጂ ደሴቶቹ እንኳ አረንጓዴ ናቸው ለማለት ይከብዳል። ዝናብ ቢመጣ ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ባለው ጊዜ ይመጣል። ካልመጣ እስከሚቀጥለው ዓመት ጠብታ የለም። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ የመጣው ዝናብም አፈሩን ጠርጎ ባሕር ይከተዋል። ዛፉ ተቆርጦ አልቋል፣ ፍየሉ የቀረውን ቅጠል ነጭቶታል። ገበሬው አብዛኛው የሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነው።

ከ1941 እስከ 1943 ዝናቡ ቀረ። ካብራል ያኔ ሚንዴሎ ተማሪ ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ሁለተኛው ረሃብ መጣ። በሁለቱ ረሃቦች በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። በ1940 የደሴቶቹ ሕዝብ ጠቅላላ ወደ 180 ሺህ ነበርና ምን ያህል ቤት እንደተዘጋ መገመት አያዳግትም። ዘመኑ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ነው፤ በባሕር ማዶ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ገንዘብ ተቋረጠ፣ መርከብም ቀነሰ። ያልሞተው ደግሞ ኮንትራት እየፈረመ ሌላዋ የፖርቱጋል ደሴት ግዛት ወደሆነችው ሳኦ ቶሜ የካካዎ እርሻ ይጫናል። ኮንትራት ይባል እንጂ ብዙዎቹ ከባርነት አይለዩትም ነበር።

በሊዝበን አምባገነኑ ሳላዛር ሥልጣን ላይ ነው። ጋዜጣው ሳንሱር አለበት። ስለ ረሃቡ ብዙ አይጻፍም። በእኛ አቆጣጠር የ1966 ዓ.ም. የወሎን ረሃብ የሚያስታውስ ሰው ይህንን ዝምታ ላስረዳህ ቢሉት ይስቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ብዙ ሰው “ዝናብ ቀረ፣ የእግዜር ቁጣ ነው” ብሎ አለፈ። ወጣቱ ካብራል የጠየቀው ግን ዝናብ ሲቀር እህሉን የሚያጓጉዘው ማን ነበር፣ ዛፉን ያስቆረጠው ማን ነው፣ መሬቱስ የማን ነው የሚለውን ነው። ከዚያ ጥያቄ ወደ ፖለቲካ ያለው መንገድ አጭር ነው።

ታዲያ ለምን ሕግ ወይም ሕክምና አላጠናም? ለምን ግብርና?

ከላይ ያለውን ካነበባችሁ መልሱን ይዛችሁታል። ሊሴውን ጨርሶ ፕራያ በመንግሥት ማተሚያ ቤት አንድ ዓመት ያህል ሠራ። በ1945 ስኮላርሺፕ አገኘና ሊዝበን ከፍተኛ የአግሮኖሚ ተቋም ገባ። ጓደኞቹ የሕክምናና የሕግ መጽሐፍ ሲሸከሙ እሱ የአፈር ናሙና ይሸከም ጀመር።

የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ አፈር መሸርሸር ነው፤ የተጠናውም ኩባ ላይ ነው። አትደንግጡ፣ የፊደል ካስትሮ ኩባ አይደለችም። በደቡብ ፖርቱጋል አሌንቴዦ በሚባለው የስንዴ አገር ኩባ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አሌንቴዦ ሰፋፊ ርስት የያዙ ጥቂት ጌቶችና መሬት የሌላቸው ብዙ የቀን ሠራተኞች ያሉበት ክፍል ነው። ካብራል እዚያ ቆፍሮ ሲያይ ሁለት ነገር አገኘ። አንደኛው፣ አፈር የሚያልቀው በዝናብና በነፋስ ብቻ አይደለም፤ መሬቱ የተያዘበት መንገድም ይጨርሰዋል። ሁለተኛው፣ ነጭም ይራባል። ይህ ሁለተኛው ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ኋላ ላይ ታጋዮቹን “ጠላታችን የፖርቱጋል ሕዝብ አይደለም፣ የቅኝ አገዛዙ ሥርዓት ነው” እያለ ሲያስተምር መፈክር ብቻ አልነበረም፤ የፖርቱጋልን ድሃ ገበሬ በዓይኑ አይቶታል።

በግብርና ጽሑፎቹ ውስጥ የምትመላለስ አንዲት ሐሳብ አለች፦ ሰውን ለመጠበቅ ዋናው መንገድ መሬቱን መጠበቅ ነው።

በ1949 በሬዲዮ ተናገረና ታገደ የሚባለው ምንድን ነው?

ለዕረፍት ከሊዝበን ወደ ፕራያ መጣ። እዚያ አንድ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ነበር። ካብራል ስለ ደሴቶቹ አፈርና ውኃ ተከታታይ ንግግር ማድረግ ጀመረ። ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል የለበትም፤ ርዕሱ አፈር፣ ዝናብ፣ ዛፍ ነው። ሰው ግን ሰማ። አንድ የአገር ልጅ፣ በሚገባቸው አነጋገር፣ ረሃቡ ምክንያት እንዳለው ይነግራቸዋል። አስተዳደሩ አገደው። የማታ ትምህርት ለማስተማር ያቀረበው ሐሳብም ተከለከለ።

ለእኔ ከጠመንጃው ታሪክ ሁሉ ይልቅ ይህቺ ትበልጣለች። ስለ አፈር ማውራት የሚከለክል መንግሥት በራሱ አፍ “ነገሩ ፖለቲካ ነው” ብሎ መሰከረ ማለት ነው።

ሊዝበን ውስጥ ከእነማን ጋር ዋለ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም አንድ ክፍል ውስጥ የማይገኙ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ነበሩ። የፖርቱጋል መንግሥት ከቅኝ ግዛት የመጡ ተማሪዎችን በዓይን ለመከታተል እንዲመቸው በ1944 “የኢምፓየሩ ተማሪዎች ቤት” የሚል ማኅበር አቋቋመላቸው። ምግብ አለ፣ ጭፈራ አለ፣ ቤተ መጻሕፍት አለ። ተማሪዎቹ ደግሞ ቤቱን ለሌላ ነገር ተጠቀሙበት። የአንጎላው አጎስቲኞ ኔቶ ሕክምና ይማራል። ማሪዮ ዴ አንድራዴ የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ሰው ነው። ከሞዛምቢክ ማርሴሊኖ ዶስ ሳንቶስ አለ። ኔቶ በኋላ የአንጎላ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ሌሎቹም በየአገራቸው ትግል ስማቸው ከፊት ነው።

እነዚህ ልጆች በ1951 የአፍሪካ ጥናት ማዕከል የሚሉትን ጀመሩ። ማዕከል ሲባል ሕንፃ እንዳይመስላችሁ፤ የሳኦ ቶሜ ተወላጅ የሆነ አንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤት ነው። እሁድ እሁድ ይሰበሰባሉ። አንዱ ስለ አፍሪካ ጂኦግራፊ፣ ሌላው ስለ ቋንቋ፣ ካብራል ደግሞ ስለ እርሻና አፈር አጥንቶ ያቀርባል። ፖርቱጋልኛ እየተናገሩ፣ የፖርቱጋል ነገሥታትን ስም በቃላቸው እየወጡ ያደጉ ልጆች ናቸው፤ የአፍሪካን ወንዞች ስም ግን አያውቁም። ወደ አፍሪካዊነት መመለስ ይሉት ነበር። ምስጢራዊ ፖሊሱ ቶሎ ማሽተት ስለጀመረ ማዕከሉ ዕድሜ አላገኘም።

ሚስቱ ፖርቱጋላዊት ነበረች?

የመጀመሪያዋ አዎ። ማሪያ ኤሌና ሮድሪጌስ፣ አብራው አግሮኖሚ የተማረች። በ1951 ተጋቡ። ጊኒም አብራው ሄዳ ሠርታለች።

ተምሮ ሲጨርስ ለቅኝ ገዢው መንግሥት ተቀጠረ። ይህ አይጋጭም?

ይጋጫል ብለው የሚከራከሩ አሉ። እኔ ግን የሕይወቱ ትልቁ ሥራ የተጀመረው እዚህ ነው ባይ ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በ1952 በጊኒ ዋና ከተማ ቢሳው አጠገብ ፔሱቤ የሚባለው የመንግሥት የሙከራ እርሻ ኃላፊ ሆኖ ሄደ። ሊዝበን መቅረት ይችል ነበር። ጊኒ የሄድኩት በአጋጣሚ አይደለም፣ አስልቼ ነው ሲል በኋላ ለጓዶቹ ተናግሯል። ቢሮ ተሰጠው፣ ደሞዝ ተሰጠው። ከሁሉም የሚበልጠው ግን የቆጠራው ሥራ ነበር። ፖርቱጋል የጊኒን የእርሻ ቆጠራ እንድታካሂድ ይጠበቅባት ነበርና በ1953 ሥራው ለካብራል ተሰጠ።

አስቡት። የ29 ዓመት ወጣት፣ የመንግሥት መኪና፣ የመንግሥት ነዳጅ፣ የመንግሥት ደብዳቤ በእጁ። በየመንደሩ እየገባ “ስንት ማሳ አለህ? ምን ዘራህ? መሬቱን ማን ሰጠህ? ስንት ሰው ያርስልሃል? ለግብር ስንት ከፈልክ?” እያለ ይጠይቃል። ከሁለት ሺህ በላይ የገበሬ ቤተሰቦችን መረጃ ሰበሰበ።

ምን አየ? በደቡብና በጠረፉ ባላንታ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። የባሕር ውኃ የሚመላለስበትን የማንግሮቭ ረግረግ በጭቃ ግድብ አጥረው፣ ጨዉ በዝናብ እስኪታጠብ ጠብቀው ሩዝ ይዘሩበታል። መሣሪያቸው ረጅም እጀታ ያለው፣ ጫፉ ላይ ብረት የተገጠመለት የእንጨት አካፋ ነው። ይህንን ጭቃ በዚያ አካፋ የገለበጠ ሰው ማንም መጥቶ “ሥራ አታውቅም” ሊለው አይችልም። ባላንታ ንጉሥ የለውም፣ አለቃ የለውም፤ የሚሰማው ሽማግሌዎቹን ነው። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ፉላዎች አሉ። እነሱ ባላባት አላቸው፤ ባላባቱ ደግሞ ከፖርቱጋል ጋር ተስማምቷል።

ከዚያ ኦቾሎኒው አለ። ገበሬው ግብር በገንዘብ መክፈል ስላለበት ገንዘብ የሚያመጣ ነገር መዝራት አለበት። ያም ኦቾሎኒ ነው። ዋጋውን የሚወስኑት ጥቂት የንግድ ኩባንያዎች ናቸው። ካብራል ኦቾሎኒ በኦቾሎኒ ላይ እየተዘራ አፈሩ እንዴት እንደሚደክምና የምግብ እህሉን ቦታ እንዴት እንደሚሻማ ጽፏል። ጽሑፉ የባለሙያ ነው፣ በመንግሥት ወጪ የተሠራ፤ የቆጠራው ውጤትም በ1956 ታትሟል።

አሥር ዓመት ቆይቶ ጦርነቱ ሲጀመር ባላንታዎች በብዛት ወደ ትግሉ ገቡ፤ ብዙዎቹ የፉላ ባላባቶች ከፖርቱጋል ጎን ቆሙ። ካብራል አልተገረመም። የየትኛው መንደር ገበሬ ለምን እንደሚቆጣና ማን ማንን እንደማይሰማ ከቆጠራው ያውቅ ነበር። ፖርቱጋል ለአማጺዋ የአገሩን ካርታ እንዲሠራ በገዛ ገንዘቧ ከፍላዋለች ማለት ነው። ጉድ ነው!

በጊኒ የነበረው ሕይወት ከኬፕ ቬርዴ በምን ይለያል?

በሕግ። ኬፕ ቬርዳዊ ዜጋ ነው። የጊኒ ጥቁር ግን “ነባር ተወላጅ” ተብሎ በሌላ ሕግ ይተዳደራል፤ መታወቂያ የለውም፣ ለግዳጅ ሥራ ይወሰዳል፣ ይገረፋል። ከዚያ ለመውጣት ፖርቱጋልኛ መናገርና መጻፍ፣ ቋሚ ገቢ ማሳየት፣ “ሥልጡን” መሆኑን ማስመስከር አለበት። በ1950ው ቆጠራ ከጊኒ ጥቁሮች ውስጥ ይህንን ያሟሉት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞሉም።

ካብራል ይህንን በ1954 በአንድ ትንሽ ነገር ቀመሰው። ቢሳው ውስጥ የስፖርትና የባህል ክበብ ለመክፈት ከወጣቶች ጋር ማመልከቻ አስገባ። ተከለከለ። ምክንያቱ? ከፈራሚዎቹ አንዳንዶቹ መታወቂያ የላቸውም። ኳስ ለመጫወት መጀመሪያ ሰው መሆንህን በወረቀት አረጋግጥ እንደማለት ነው። በእርግጥ ባለሥልጣኖቹም ሞኝ አልነበሩም፤ ክበቡ ለኳስ ብቻ እንዳልሆነ ገብቷቸዋል።

በ1955 ከጊኒ ተባረረ ወይስ በፈቃዱ ወጣ?

በብዛት የሚነገረው አገረ ገዢው እንዳባረረውና በዓመት አንድ ጊዜ እናቱን ለመጠየቅ ብቻ እንደፈቀደለት ነው። አንዳንድ ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ እሱም ሚስቱም በወባ ተጎድተው ለሕክምና ነው የወጡት ይላሉ። ሁለቱ የግድ አይጋጩም። የታመመን ሠራተኛ ተመልሶ እንዳይመጣ ማድረግ ከማባረር ቀላል ነው። ከዚያ በኋላ ፖርቱጋልና አንጎላ እየተመላለሰ በሙያው ሠራ፤ በአንጎላ ትላልቅ እርሻዎች ላይ አፈር አጥንቷል፣ የአንጎላ ታጋዮች ሲደራጁም በቅርብ ነበር።

ፓርቲውን የመሠረተው መቼ ነው?

የፓርቲው ይፋ ታሪክ ሴፕቴምበር 19 ቀን 1956 ይላል። ቢሳው ውስጥ በአንድ ቤት ስድስት ሰዎች ተሰበሰቡ። ከመካከላቸው ካብራል፣ የአባቱ ልጅ ሉዊስ ካብራልና አሪስቲዴስ ፔሬራ ይገኙበታል። ሉዊስ በኋላ የጊኒ ቢሳው፣ ፔሬራ የኬፕ ቬርዴ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ይህን ቀን የሚጠራጠሩና ፓርቲው በትክክል የቆመው በ1959 ነው የሚሉ ተመራማሪዎችም አሉ። በድብቅ የተሰበሰቡ ስድስት ሰዎች ቃለ ጉባኤ ይይዛሉ ብሎ መጠበቅም ከባድ ነው።

ጠመንጃ ለማንሳት መቼ ወሰነ?

ኦገስት 3 ቀን 1959 ቢሳው ወደብ ላይ፣ ፒጂጊቲ በሚባለው ማራገፊያ፣ የወደብ ሠራተኞች ደሞዝ ይጨመርልን ብለው ሥራ አቆሙ። ፖሊስ ተኮሰ። ፓርቲው ሟቾቹን ወደ 50 ያደርሳቸዋል። ካብራል በቦታው አልነበረም፤ በሴፕቴምበር መጥቶ ከጓዶቹ ጋር መከረ። ከተማ ውስጥ ሠራተኛ ይዞ መታገል ማለት ሰው ማስጨረስ መሆኑ ታየ። ወደ ገጠር ለመውጣት ወሰኑ። ገጠሩን ደግሞ ከካብራል የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1960 ሊዝበንን ለቆ ወጣ፣ ኮናክሪ ከተመ። የወጣትነቱ ታሪክ እዚህ ያልቃል።

ኮሚኒስት ነበር?

ማርክስን አንብቧል፣ መሣሪያም ከምሥራቁ ጎራ አግኝቷል። “ነህ ወይ?” ሲሉት ግን ስሙን እናንተ አውጡለት፣ እኛ የምንታገለው ለሕዝባችን ነው ዓይነት መልስ ነበር የሚሰጠው።

ኢትዮጵያ መጥቶ ያውቃል?

መጥቷል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ አፍሪካ ውስጥ የተሰበሰበው አዲስ አበባ፣ በአፍሪካ አዳራሽ፣ በ1972 መጀመሪያ ላይ ነው። ካብራል ፌብሩዋሪ 1 ቀን፣ በእኛ ጥር 23 ቀን 1964፣ ምክር ቤቱ ፊት ቆሞ ስለ ሕዝቡ ተናገረ። ከሦስት ቀን በኋላ ምክር ቤቱ ፖርቱጋል የቅኝ ግዛቶቿን የራስን ዕድል በራስ የመወሰን መብት እንድታውቅ የሚጠይቅ ውሳኔ አሳለፈ። ካብራል ከዚያ በኋላ አንድ ዓመት እንኳ አልኖረም።

መስከረም 2ን ያዙልኝ ብዬ ነበር። ፖርቱጋል የጊኒ ቢሳውን ነጻነት የተቀበለችው ሴፕቴምበር 10 ቀን 1974 ነው። ካብራል በሕይወት ቢኖር ከሁለት ቀን በኋላ ሃምሳ ዓመት ይሞላው ነበር። ያቺ ቀን በእኛ አቆጣጠር መስከረም 2 ቀን 1967 ነች፤ አዲስ አበባ ላይ ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት የወጡባት ቀን።